ከርከሮው በማን በኩል ገባ?

ሌላው ስደተኛ ሲጽፍ ከአገሩ የሚወጣው በጨለማ ነው። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ሆዴ በገንፎ ተወጥሮ፣ በታላቅ ወንድሜ ባጃጅ ነው። ስለዚህ ከመነሻው ልንገራችሁ፤ ይሄ የጀግና ታሪክ አይደለም። እኔ ሰኢድ ፈሪ ሰው ነኝ። አሶሳ አጠገብ ባለችው የሰፈራ መንደራችን አብራችሁኝ ያደጋችሁ ይህን ታውቃላችሁ፣ ሌሎቻችሁ ደግሞ አሁኑኑ እወቁልኝ።

ወንድሜ ሐሰን ባጃጁን የሚነዳው ግራ እግሩን ወደ ውጭ ዘርግቶ ነው። ጉልበቱ አይታጠፍለትም። ለምን እንደማይታጠፍ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለዚያ እግር ነው። ያን ቀን ከመንደር እስከ አየር ማረፊያው ድረስ አንድ ነገር ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን በመንገዱ ላይ ያለውን ባጃጅ ነጂ ሁሉ ሰላም ይላል፣ ከአንዱ ጋር ይቀልዳል፣ ለሌላው «ወንድሜን ወደ አሜሪካ እያደረስኩት ነው፣ ለዐስር ሶላት እመለሳለሁ» ይላል። እኔ ከኋላ ሻንጣዬን አቅፌ ፊቱን በመስታወቱ ውስጥ አያለሁ።

በሩ ላይ ስንደርስ አንድ ፌስታል ሰጠኝ። የደረቀ ባሚያ ዱቄት ነው። የላከው ኸሊፋ ነው፤ ማሳው ከማሳችን የሚዋሰን፣ አማርኛን «እኔ መጣ፣ እኔ ሄደ» እያለ የሚናገር የበርታ ጎረቤታችን። ፌስታሉን ይዤ መሄድ አቃተኝ።

«ሐሰኔ፣ በእኔ ቅር የተሰኘህበት ነገር አለ?» አልኩት።

«ሂድ አንተ፣ አውሮፕላኑ ባጃጅ አይደለም፣ ቆሞ አይጠብቅህም» አለኝና አዙሮ ሄደ። የተዘረጋው እግሩ ከባጃጁ ጎን እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አየሁት።

አሜሪካ የገባሁት በዲቪ ነው። እንደ ብዙዎቻችሁ በረሃ አላቋረጥኩም፣ ባሕር ላይ አላደርኩም። እኔን ለማስፈራት የፓስፖርት ሰልፉ ብቻውን በቂ ነበር። አንዱ መኮንን ፌስታሉን ከፍቶ አረንጓዴውን ዱቄት ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ምንድን ነው አለኝ፣ ባሚያ ነው አልኩት። ለምን ይሆናል? ለገንፎ። ገንፎ ምንድን ነው? በእጄ ክብ ሠርቼ፣ መሐሉን በጣቴ ሰርጉጄ፣ ወጡ እዚህ ይገባል ብዬ አሳየሁት። ሌላ መኮንን ጠራ። ሁለተኛው ሦስተኛውን ጠራ። በመጨረሻ አንዲት ሴት መጥታ አሸተተችና አያቷ ይህንኑ ትሠራ እንደነበር ተናግራ ለቀቀችኝ። ላቤ ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ያረፍኩት ካንሳስ በሚባል ግዛት ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። የተቀበለኝ የሩቅ ዘመድ በወሩ ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ ግዛት ሄደ። ብቻዬን ስቀር አንድ ክፍል ያከራዩኝ ሚስስ ጆይስ የሚባሉ ባልቴት ናቸው። እዚህ አገር ማንም ማንንም አንቱ አይልም፣ እኔ ግን በሆዴ አንቱ እላቸዋለሁ። ቅጽ አምጥተው ያነባሉ፣ እኔ እመልሳለሁ። ውሻ አለህ? የለኝም። ታጨሳለህ? አላጨስም። ድንገት አንድ ነገር ብትሆን ማን ይጠራ? የሐሰንን ስልክ ነገርኳቸው። ቁጥሩ ረዘመባቸው። ይሄ የት ነው አሉ። አሶሳ ነው አልኩ። ከዚህ በመኪና ስንት ሰዓት ያስኬዳል? በመኪና እንደማይደረስ ሳስረዳቸው መነጽራቸውን አወለቁና ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«እንግዲያው የእኔን ስልክ እጽፋለሁ» አሉ። «ግን አንድ ነገር የምትሆን ከሆነ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት ሁን። ከዚያ በኋላ ተኝቻለሁ።»

ሳቅሁ፤ ክፍሌ ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ሳቁ አለቀ። ብሞት መጀመሪያ የሚሰሙት ሚስስ ጆይስ ናቸው፣ ያውም ካልተኙ።

ከቤታቸው ጀርባ በቆሎ ነው። ዓይን እስኪደክም ድረስ በቆሎ። ሲነፍስበት የሚያሰማው ድምፅ የእኛው ነው፣ ሽታውም የእኛው ነው፣ ሰማዩ ብቻ ሰፋ ይላል። ማማ ግን የለም። ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ የለም፣ ውሻ የለም፣ አንድ ጠባቂ የለም። መጀመሪያ ሰሞን መስኮቱን ከፍቼ መቀመጥ አልቻልኩም። በመጨረሻ ይህን ሁሉ የሚጠብቀው ማን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። «ኢንሹራንስ» አሉኝ።

እኛ ጋ በቆሎ ማሸት ሲጀምር ከርከሮ ይመጣል። ዝንጀሮም ይመጣል፣ ጃርትም ይመጣል፣ እኔ ግን የምፈራው ከርከሮን ነው። እንደ ድንጋይ ከባድ ነው፣ ጥርሱ ወደ ላይ የታጠፈ ነው፣ አንዴ ከተነሳ አይዞርም። ሥጋው ለእኛ ሐራም ስለሆነ ማንም ለሆዱ ብሎ አያድነውም፤ እህላችንን እንዳይጨርስ ብቻ ነው። ወንዶች በቀን ተሰብስበው ከተኛበት ቁጥቋጦ በውሻ ያስነሱታል። በማሳውና በወንዙ መካከል ባለው ክፍት ቦታ አምስት ሰው ይቆማል፣ እያንዳንዱ በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላው እጁ ቆርቆሮ ይዞ። ከአምስቱ ኋላ አንድ ሰው ጦር ይዞ ይጠብቃል። የአምስቱ ሥራ መግደል አይደለም። እያንዳንዱ የራሱን ክፍት ቦታ ዘግቶ፣ ባለጦሩ አነጣጥሮ እስኪወረውር ጊዜ መስጠት ነው።

ያን ቀን በግራ ዳር የቆመው ኸሊፋ ነበር። ከእሱ ቀጥሎ እኔ። ከእኔ ወዲያ ሌሎች ሦስት ጎረቤቶች። ከኋላችን ሐሰን ጦሩን ይዞ። ውሾቹ አንድ ከርከሮ አስነስተው በቀኝ በኩል ስለጮሁ ሐሰንም ሦስቱም ወደ ቀኝ ዞረው ነበር፣ ግራውን ለእኔና ለኸሊፋ ትተው። ሣሩ ረጥቦ ነበርና ኸሊፋ ተንሸራተተና እየጮኸ በግንባሩ ወደቀ። እኔ ወደ እሱ ዞርኩ። በዞርኩበት ቅጽበት፣ ማንም ያልቆጠረው ሁለተኛ ከርከሮ እኔ በነበርኩበት ቦታ አለፈ። ነፋሱ ብቻ እግሬን ነካኝ። ቀጥሎ ከርከሮው ጉልበቱን ሲያገኘው የሰማሁትን የሐሰንን ድምፅ እዚህ አልጽፈውም።

በሚቀጥለው ጁምዓ ሽማግሌዎች ማንጎው ሥር ተቀመጡ። በእኛ መንደር እንዲህ ባለ ነገር የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ከርከሮው በማን በኩል ገባ? ለምን፣ እንዴት የሚባል የለም። በእሱ በኩል የገባበት ሰው የተጎዳው እስኪድን ማሳውን ያርስለታል። ተጠየቅሁ፣ በእኔ በኩል ነው አልኩ፣ አለቀ። ኸሊፋ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር። እኔም መውደቁን አልተናገርኩም፤ ብናገር ጥፋቱ ወደ እሱ ይዞራል፣ እሱ ደግሞ ቤቱ በልጅ የተሞላ ነው።

ሰው ይህን ቢሰማ ደግ ነህ ይለኝ ይሆናል። ዝም ያልኩት ግን ለኸሊፋ ብዬ ብቻ አይደለም። ከፊቴ ያለው ቁጥቋጦ ሲንቀሳቀስ አይቼ ነበር መሰለኝ። ወደ ኸሊፋ የዞርኩት ላነሳው ይሁን ወይስ ልሸሽ፣ እኔ ራሴ አላውቅም። ሁለት ክረምት የሐሰንን ማሳ ሳርስ እርፉን እንደያዝኩ የማስበው ይህንኑ ነበር። ሐሰን አንድ ቀንም አልወቀሰኝም። እግሩ እንደማይመለስ ሲገባው በሬዎቹን ሸጦ ባጃጅ ገዛ። እኔ ዲቪ ደረሰኝ።

እዚህ ያገኘሁት ሥራ የአንድ ትንሽ ኮሌጅ የስፖርት ልብስ ማጠብ ነው። ኮሌጁ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን አለው። ይሄ የእኛ እግር ኳስ እንዳይመስላችሁ፤ ኳሱ እንቁላል ነው፣ በእጅ ነው የሚይዙት፣ የራስ ቁር አድርገው ይላተማሉ። መጀመሪያ ሳየው ፖሊስ እስኪመጣ ጠብቄያለሁ። ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ ይባላል። ከፊቱ አምስት ግዙፍ ሰዎች ተደርድረው ይቆማሉ፣ ስማቸው ኦፌንሲቭ ላይን ነው። ከወዲያ ማዶ ያሉት ደግሞ ኳርተርባኩን ከመወርወሩ በፊት ሊጥሉት ይሮጣሉ። የአምስቱ ሥራ እነዚያን አግዶ ለእሱ ጊዜ መስጠት ነው። ይህን ሲያስረዱኝ ፎጣ ተሸክሜ ነበር፣ አስቀመጥኩትና ወንበር ፈለግሁ።

የአምስቱ አሠልጣኝ ኮች ብራድ ይባላል። ቀጭን፣ ማስቲካ የማይለየው፣ ለፎጣ አጣቢም ሰላምታ የሚሰጥ ሰው ነው። አንድ ከሰዓት ፎጣ ይዤ ስገባ ልጆቹን ሰብስቦ ፊልም እያሳየ ነበር። ኳርተርባኩ ወድቋል፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይጨቃጨቃሉ። ለቀልድ ያህል «ሰኢድ፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አለኝ። መካከለኛው ነው፣ ቀኝ እግሩን ቀድሞ አነሳ አልኩ። ፊልሙን መለሰው። እንደገና መለሰው።

«ኳሱን እያየህ ይህን እንዴት አየህ?» አለኝ።

«ኳሱ የት ነበር?» አልኩት። እውነቴን ነው፣ አላየሁትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማጠቢያው ሲሽከረከር፣ እኔ ላፕቶፕ ተሰጥቶኝ ፊልም አያለሁ። ለእያንዳንዱ ውርወራ ለአምስቱም ምልክት አደርጋለሁ፤ ቦታውን የጠበቀ ፕላስ፣ ያስከፈተ ማይነስ። ኳሱ ይያዝ ይውደቅ አያገባኝም። እግራቸውን አያለሁ፣ ዳሌያቸውን አያለሁ፣ እጃቸው የት እንዳረፈ አያለሁ። በልቤ አንድ ከርከሮ፣ ሁለት ከርከሮ፣ ሦስት ከርከሮ ብዬ እቆጥራለሁ። ሦስት ደርሶ ኳርተርባኩ ከቆመ እተነፍሳለሁ። እሱ ጀርባውን ለግራ በኩል በሰጠ ቁጥር ግን አንዳንዴ ፊልሙን አቁሜ ወጥቼ እመለሳለሁ። ኮች ብራድ ይህን ጥንቃቄ ይለዋል። ፍርሃት ነው።

አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ። ቡድኑ ሌላ ከተማ ሄዶ ሲጫወት በግራ በኩል ሁለተኛ የቆመው፣ ስልሳ ስድስት ቁጥር ለባሹ፣ ድንገት ወደ ግራ ዞረ። እሱ በለቀቀው ቦታ ከተጋጣሚዎቹ አንዱ ገባና ኳርተርባኩን መታው። የትከሻው አጥንት ከቦታው ወጣ። በእጄ የነበረው ከጎን የሚያነሳው ካሜራ ፊልም ብቻ ነው፤ ከኋላ የሚያነሳው ገና አልደረሰም ነበር። መጠበቅ ነበረብኝ። አልጠበቅሁም። እጄ ማይነስ ጻፈ፣ ከጎኑም «በእሱ በኩል ገባ» ብዬ ጨመርኩበት። ማንጎው ሥር ቁጭ ብዬ የፈረድኩ ያህል ነበር፣ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

ኮች ብራድ ያንን አንብቦ ልጁን ከአምስቱ አስወጣው። ስልሳ ስድስት በማግስቱ የቆሸሸ ማሊያውን ራሱ ይዞልኝ መጣ፤ ሌሎቹ መሬት ላይ ጥለውት ነው የሚሄዱት። ግዙፍ ነው፣ በሩን ይሞላዋል። ከቡድኑ ከወጣ የትምህርት ወጪውን የሚሸፍንለት እንደማይኖር አውቃለሁ። ምልክቱን ያደረግሁት እኔ መሆኔን አያውቅም። ምን ሆነህ ነው የዞርከው አልኩት።

«በእኔ በኩል ነው የገባው ሰር» አለኝ። ማሊያውን ሰጠኝና ሄደ።

ያን አነጋገር አውቀዋለሁ። እሱ እንደወጣ ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ የኋላው ካሜራ ፊልም ደርሶ ነበር። ከስልሳ ስድስት በስተግራ ያለው ጓደኛው በእርጥብ ሣር ተንሸራቶ በግንባሩ ተደፍቷል። ከጎን ሲታይ የሌሎቹ ሰውነት ጋርዶት ነበር። ስልሳ ስድስት የዞረው ወደ እሱ ነው። ፊልሙን ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አላውቅም። ማጠቢያው ጨርሶ ሲጮህ አልሰማሁትም።

ለሁለት ቀን አልተናገርኩም። ተሳስቻለሁ ብል፣ ድሮስ ፎጣ አጣቢ ምን ያውቃል ይላሉ ብዬ ፈራሁ። ከሥራው ያስወጡኛል፣ ከሥራ ከወጣሁ ሚስስ ጆይስ ያስወጡኛል፣ እያልኩ ራሴን እስከ አሶሳ መለስኩት። በሦስተኛው ቀን ማሊያውን አጥፌ ይዤ ወደ ኮች ብራድ ቢሮ ገባሁ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩና ፊልሙን አሳየሁት። ማስቲካውን ማኘክ አቆመ።

«እሺ፣ ጓደኛው ወድቋል» አለ። «ግን ሊረዳው እንደዞረ በምን አወቅህ? የፈራ ሰውም ወደ ጎን ይዞራል።»

ይህን ጥያቄ ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«እጁን ተመልከት» አልኩት። «የሚሸሽ ሰው እጁን ወደ ደረቱ ይሰበስባል። እሱ ዘርግቶታል። መዳፉ ክፍት ነው።»

ኮች ብራድ ምስሉን አቁሞ አፈጠጠ። መዳፉ ክፍት ነበር። ማይነሱን በራሱ እጅ ሰረዘው፣ ልጁም በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአምስቱ ጋር ቆመ። እኔን አላባረረኝም፤ ሁለቱን ካሜራ ሳታይ ዳግመኛ ምልክት እንዳትሰጠኝ ብቻ አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ክፍሌ ገብቼ መስታወት ፊት ቆምኩና ወደ ግራ ዞርኩ። እንደገና ዞርኩ። እጄ ያን ቀን የት ነበር? በአንዱ ዱላ፣ በሌላው ቆርቆሮ ይዤ ነበር። ቆርቆሮውን ጥዬው ከሆነ ኸሊፋን ላነሳ ነው የዞርኩት፤ ይዤው ከሆነ ሸሽቻለሁ። አላስታውስም።

እሑድ ጠዋት፣ እነሱ ጋ መሽቶ መግሪብ ከተሰገደ በኋላ፣ ለሐሰን ደወልኩና ኸሊፋን አቅርብልኝ አልኩት። ድምፁን ክፍት አድርጎ ስልኩን መካከል አስቀመጠ። ሰላምታው ረዘመ፣ ልጆቹን ጠየቅሁ፣ በቆሎውን ጠየቅሁ፣ ኸሊፋ ባሚያው አለቀ ወይ አለኝ። እንዳልፈራ ቶሎ ብዬ ጠየቅሁ።

«ኸሊፋ፣ ያን ቀን ስትወድቅ ወደ አንተ ስዞር ቆርቆሮው በእጄ ነበር?»

ሐሰን የኸሊፋን መውደቅ እስከዚያች ደቂቃ ከማንም አልሰማም ነበር። ስናገር ነው የገባኝ።

«እኔ ወደቀ፣ እውነት ነው» አለ ኸሊፋ ቀስ ብሎ። «ጁምዓ በመጣ ቁጥር ዛሬ ለሐሰን ይናገራል እላለሁ፣ አይናገርም። አንተም አልተናገረ። ቆርቆሮውን ግን ወላሂ አላየም እኔ። ፊቴ ጭቃ ውስጥ ነበር።»

ሐሰን ሲስል ሰማሁት።

«ኸሊፋ ሲጮህ ዞሬ ነበር» አለ ሐሰን። «ከርከሮው ሳይደርስብኝ በፊት። አየሁህ።»

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ምን አየህ?»

«ስትመጣ እነግርሃለሁ።»

«ሐሰኔ፣ አሁን ንገረኝ።»

«በስልክ አይሆንም። ስትመጣ» አለ፣ ሳይቆጣ፣ ልክ አየር ማረፊያው በር ላይ እንደተናገረኝ አድርጎ። ከዚያ ተሳፋሪ መጥቷል አለኝና ዘጋው።

እንግዲህ የእኔ ነገር ይሄው ነው። እዚያው መስኮቱ አጠገብ እንደተቀመጥኩ ትኬት መፈለግ ጀመርኩ። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ እስከ አሶሳ፤ ሰዓቱን ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ። ኮች ብራድም የጨዋታው ወቅት ሲያልቅ ሂድ ብሎኛል። በየሳምንቱ ገጹን እከፍታለሁ፣ ስሜን እጽፋለሁ፣ መጨረሻው ላይ ስደርስ እዘጋዋለሁ። ትኬቱን እስካሁን አልቆረጥኩም። እፈራለሁ።